ቁስሌ ላይ ይፈላል፣ ጠረጴዛው ላይ ዝም ይላል፤ ምን አግኝቶ ነው?

አናጢው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ኬሚስትሪን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼዋለሁ፤ ስለዚህ ስትመልሱልኝ ለእኔ በሚገባ አማርኛ ይሁን።

ትናንት አመሻሽ ላይ መሮ አምልጦኝ የግራ እጄን አመልካች ጣት ሰነጠቀው። ጥፋቱ የራሴ ነው። እንጨቱን ሞርሳ ላይ ማሰር ሲገባኝ፣ «ትንሽ ናት» ብዬ በእጄ ይዤ ነበር የምፈለፍለው። ደሙን በጨርቅ አፍኜ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አወጣሁ። ያቺ ቡናማ ጠርሙስ፣ 3 በመቶ የሚል የተጻፈባት። ስንጥቁ ላይ አፈሰስኩት። ወዲያው ሽሽሽ ብሎ ነጭ አረፋ ደፈቀ። የቁስሉ ዳርም ነጣ።

እስከ ትናንት ድረስ «አረፋ ካወጣ ጀርም እየገደለ ነው» ብዬ ነው የማምነው። አባቴ ያስተማረኝ እንደዛ ነው። አረፋው ብዙ ከሆነ ቆሻሻው ብዙ ነው፤ አረፋው ሲቆም ቁስሉ ጸድቷል። እኔም ለልጆቼ ይሄንኑ ነው ስነግር የኖርኩት።

ግን ከጣቴ የተረፈው ፈሳሽ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጥቦ አየሁት። ጠረጴዛዬን ብታዩት ሰጋቱራ፣ ኮላ፣ የስንት ዓመት እድፍ ነው። ጀርም የሚባል ነገር ካለ ዋና ከተማው እዚያ ነው። ፈሳሹ ግን እንደ ውሃ ዝም ብሎ ተኛ። አንዲት አረፋ የለም።

እልህ ያዘኝ። ጣቴን ጠቅልዬ በአንድ እጄ በጠብታ መሞከር ጀመርኩ። ደህናው ጣቴ ላይ፣ ምንም። የፕላስቲክ ክዳን ላይ፣ ምንም። ሳንቃው ላይ የደረቀችው የራሴው የደም ጠብታ ላይ፣ ፈላ! «አሃ፣ ሥጋና ደም ሲነካ ነው የሚነቃው» ብዬ ልዘጋው ስል፣ ለነገሩ ብዬ አንድ የዛገ ምስማር ላይ ጣል አደረግኩበት። እሱም ቀስ እያለ ጥቃቅን አረፋ አወጣ። ምስማር ደግሞ ነፍስ የለውም። እዚህ ጋ ተምታታብኝ።

ጠርሙስ ውስጥ ተኝቶ የከረመ ነገር ቁስል ላይ የሚነሳው ምን አግኝቶ ነው? እንዲህ ሰውነት ሲነካ የሚነሳ ሌላ ነገርስ አለ?


ዘመን አይሽሬ፦

እኔ 30 ዓመት ሙሉ በዚሁ ነው ቁስሌን የማጥበው። ይፈላል፣ ያቃጥላል፣ ይድናል። አለቀ። ጣትህን አስረህ ወደ ሥራህ ተመለስ፤ ምስማሩን ምን አስነካህ?


ፋርማሲስቷ፦

አናጢው፣ ከአረፋው በፊት ጣትህን እንይ። የጣትህን ጫፍ ታጥፈዋለህ? ትዘረጋዋለህ? ጫፉ ላይ ሲነኩህ ይሰማሃል? ለአንዱም ቢሆን መልስህ «አይ» ከሆነ ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂድ። ሁሉም ደህና ቢሆንም የመሮ ቁስል ጥልቅ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለመጨረሻ ጊዜ የወሰድከው መቼ እንደሆነ ካላስታወስክ፣ ለዚያም ብለህ ሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውሃ ነው፤ አንድ ትርፍ ኦክስጅን የተሸከመ ውሃ። ያቺ ትርፍ ኦክስጅን ተረጋግታ መቀመጥ አትችልም። ጠርሙሱ ውስጥ ተኝቷል ብለሃል፤ እሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተኛም፣ በቀስታ እየፈረሰ ነው። ብርሃን ደግሞ ያፋጥነዋል። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ለዚህ ነው። ከተከፈተ ብዙ ወራት ያለፈው ጠርሙስ ቁስል ላይ ደካማ አረፋ ብቻ የሚያወጣውም ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ወደ ተራ ውሃ ተመልሷል።

ቁስሉ ላይ የጠበቀው ነገር ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይም ማለት ሰውነት ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሴሎቻችን በየዕለቱ ሲሠሩ እንደ ጭስ የሚያወጡት ነገር አለ፤ አንዱ ይሄው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ራሱ ነው። ከተጠራቀመ ሴሉን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሴሎቻችን የሚያፈርስላቸውን ይዘው ነው የሚኖሩት። የካታሌዝ ፍጥነት ለማመን ይከብዳል። አንዷ የካታሌዝ ሞለኪውል በሰከንድ ሚሊዮኖች የፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ወደ ውሃና ኦክስጅን ትበትናለች። ደህናው ቆዳህ ላይ ግን ከላይ ያለው የሞተ፣ ደረቅ ሽፋን ስለሆነ ፈሳሹ ካታሌዙ ጋ አይደርስም። መሮው ሴሎቹን ሲቀድ ካታሌዙ ፈሰሰ። ቀይ የደም ሴል ደግሞ በካታሌዝ የታጨቀ ነው። ያየኸው አረፋ ንጹህ ኦክስጅን ነው። የ3 በመቶው ፈሳሽ ሲፈርስ የራሱን መጠን 10 እጥፍ ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብታፈስ ወደ 50 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ማለት ነው። የቁስሉ ዳር የነጣውም ጥቃቅኖቹ አረፋዎች ቆዳው ውስጥ ስለገቡ ነው።

እንግዲህ አባትህን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ አረፋው የጀርም ቁጥር አይነግርህም። እንዲያውም አረፋ ስታይ መድኃኒቱ እየፈረሰ ነው ማለት ነው። የቁስልህ የራሱ መከላከያ ነው እያፈረሰው ያለው። ከመፍረሱ በፊት የተወሰነ ጀርም መግደሉ አይቀርም፣ አረፋውም ቆሻሻ ገፋ አድርጎ ያወጣል። ግን ቁስሉን የሚደፍኑትን አዳዲስ ሴሎችም ሳይለይ ይጎዳል። በየቀኑ ከደጋገምከው ቁስሉ መዳኑ ይዘገያል። ጥልቅና አፉ ጠባብ ቁስል ውስጥ መጨመር ደግሞ አደገኛ ነው፤ መውጫ ያጣ ጋዝ ወደ ደም ሥር ሊገባ ይችላል። የሚፈስ ንጹህ ውሃ እና ለዙሪያው ሳሙና ይበቃሃል። አሰልቺ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። ሽሽሽ አይልም።

ዘመን አይሽሬ፣ 30 ዓመት የዳኑልዎት ቁስሎች ያለ አረፋም ይድኑ ነበር።


ዘመን አይሽሬ፦

እሺ ዶክተር። ጠርሙሴን ግን አልጥልም።


የላብራቶሪ ልጅ፦

ምስማሩን ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልግባበት። አናጢው፣ ከሁሉም ሙከራህ የወደድኩት እሱን ነው።

የካታሌዝ ልብ ብረት ነው። ደማችንን የሚያቀላው ሄም የሚባለው ነገር ካታሌዝ ውስጥም አለ፤ በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ አራት፣ መሀላቸው ላይ የብረት አቶም የያዙ። ዝገትም ብረት ነው። ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ግን እንደ ሰነፍ ተለማማጅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ፈሳሹ «ይሄ ሕይወት አለው፣ ይሄ የለውም» ብሎ አይለይም። የሚያውቀው አፍራሽ ማግኘቱን ብቻ ነው። የደረቀው ደምህ የፈላውም ለዚህ ነው። ደሙ ሞቷል፣ ካታሌዙ ግን አልተበላሸም። ማረጋገጥ ከፈለግህ ጥሬ ጉበት ቁራሽ ላይ ጠብ አድርግ፤ ይገነፍልብሃል። ያንኑ ጉበት በደንብ ቀቅለህ ድገመው። ዝም ይላል፤ ኢንዛይሙን ሙቀቱ ስላበላሸው ነው።

እኛ ላብ ውስጥ አረፋውን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ባክቴሪያ አሳድገን፣ ትንሽ በእንጨት ጫፍ ቆንጥረን መስታወት ላይ አድርገን፣ ፐርኦክሳይድ ጠብ እናደርግበታለን። ስታፊሎኮከስ ከሆነ ይፈላል፤ የራሱ ካታሌዝ አለው። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ አይፈላም። ሁለቱም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ክብ ናቸው፣ እና በአንዲት ጠብታ ይለያያሉ። ልብ በሉ፣ ቁስልን በብዛት ከሚያመረቅዙት አንዱ ስታፍ ነው፤ እሱም ጋሻ አለው ማለት ነው። (መጀመሪያ ሥራ ስጀምር ናሙናውን ባክቴሪያው ካደገበት ደም ያለበት ማሳደጊያ ጋር አብሬ ቆንጥሬ ሁሉም ነገር ፈላብኝ። ደም አለበታ! አለቃዬ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ አየችኝ ብቻ።)

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1946 ጃፓን ውስጥ ሺጌዎ ታካሃራ የሚባል የአንገት በላይ ሐኪም የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ የበሰበሰ ሥጋ አንስቶ ቁስሉ ላይ ፐርኦክሳይድ አፈሰሰ። አረፋ የለም። ደሙ ጭራሽ ወደ ጥቁር ቡናማ ተለወጠ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ጠርሙሱን ቀይሮ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከታተለው፣ እና ልጅቷ ደም ውስጥ ካታሌዝ እንደሌለ ደረሰበት። በዘር የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ዛሬ አካታላሴሚያ ወይም የታካሃራ በሽታ ይባላል። አናጢው እንዳየው ዓይነት ነገር ነው፤ መፍላት የነበረበት ሲቀር አይቶ ለምን አለ።


አናጢው፦

ጉበቱን ሞከርኩት። ባለቤቴ ከማእድ ቤት አባረረችኝ፤ ግን እውነት ነው፣ የተቀቀለው ዝም አለ። ልጄ ደግሞ «እና እስከዛሬ የነገርከን ውሸት ነበር?» አለችኝ። ምን ይባላል።

ጣቴን አጥፌ ዘርግቼዋለሁ፣ ጫፉም ይሰማኛል። ክትባቱን አላስታውስም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

እስከዚያ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የእኛ ሙያ ሰዎች ሲቆረጡ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገው ይዘጉታል። እኔም ትናንት እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ይሄም ነገር ይገርመኛል፤ ደረቅ እንጨት ላይ ደቂቃ ሙሉ ያስጠብቀኛል፣ ጣቴን ከነካ ግን ዓይኔን ሳልጨፍን ይይዛል። ይሄም ሥጋ ያውቃል?

ሁለተኛ፣ እናቴ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ትወስዳለች። ካፕሱሉን መዋጥ ስለሚከብዳት ከፍቼ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ኳሶች በማንኪያ ጀርባ ደቁሼ በውሃ እሰጣታለሁ። ሰሞኑን «ቃሩ አልተወኝም» እያለች ነው። ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን?


ዘመን አይሽሬ፦

የሱፐር ግሉውን እኔ ልመልስ። አንዴ የዓይን መነጽሬን ስጠግን አውራ ጣቴና አመልካች ጣቴ ተጣብቀው ግማሽ ቀን እንደ ሸርጣን ዋልኩ። ሥጋ ያውቃል!


ፋርማሲስቷ፦

ከእናትህ ልጀምር፤ እሱ ይብሳል። ኳሶቹን መደቆስ ዛሬውኑ አቁም።

ምክንያቱን ልንገርህ፤ ካወቅከው አትረሳውም። ኦሜፕራዞል ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም። መድኃኒት የሚሆነው አሲድ ሲነካው ነው። ግን የትኛውም አሲድ አይደለም። ጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመው አሲድ ቀድሞ ካገኘው ያለቦታው ይለወጥና ይበላሻል። ስለዚህ ኳሶቹ አሲድ የማይበሳው ሽፋን ለብሰው ጨጓራን አልፈው ይሄዳሉ፤ ሽፋኑ አንጀት ውስጥ ይሟሟል፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይገባል፣ ደሙ ደግሞ ዞሮ አሲድ አምራቾቹ ሴሎች ጋ በጓሮ በር ያደርሰዋል። እዚያ አሲዱ በሚረጭበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ ይለወጣል፣ እና አሲድ የሚገፋውን ፓምፕ ይዞ አይለቅም። ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓት ይጠፋል፤ ሥራው ግን ከቀን በላይ ይቆያል፤ ፓምፑ ታስሯላ። አንተ ስትደቁሰው ሽፋኑን ሰብረህ ነው የምትሰጣት። አብዛኛው ጨጓራ ላይ ያልቃል።

ካፕሱሉን መክፈት በብዙዎቹ ዓይነቶች ይቻላል፤ ኳሶቹ ግን ሳይደቆሱና ሳይታኘኩ ነው መዋጥ ያለባቸው። የእናትህ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ማሸጊያውን ይዘህ የገዛህበት ቦታ አሳይና ጠይቅ። የሚወሰደውም ከምግብ በፊት ነው፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ፓምፖቹ ምግብ ሲመጣ ነው በብዛት የሚነሱት። ቃሩ ካልተሻላት ወይም ምግብ ሲያልፍ የሚይዛት ከሆነ ግን ሐኪሟ ይወቅ። መዋጥ መቸገር ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው።

አሁን ሱፐር ግሉ። ሥጋ አያውቅም፤ የሚያውቀው እርጥበትን ነው። ሲያኖአክሪሌት ይባላል። ቱቦው ውስጥ ገና ያልተያያዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ለመያያዝ የሚጠብቁት ትንሽ የሚቀሰቅሳቸው ነገር ብቻ ነው፣ ያም የውሃ ጤዛ ነው። የጣት ቆዳ ሁልጊዜ በላብ የረጠበ ነው። የአንተ ደረቅ እንጨት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ትንሽ ነው። ሃሪ ኩቨር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አጋጥሞት፣ ሁሉም ነገር ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገረው ትቶት ነበር። በ1951 እንደገና ሲያየው ነው ችግሩ ራሱ ጥቅም መሆኑ የገባው። በ1958 ለገበያ ቀረበ።

ቁስል የሚዘጋበት የሕክምና ሙጫ አለ፣ እውነት ነው። ዘመዱ ነው፣ ግን አንድ አይደለም። የሕክምናው ሞለኪውል ረዘም ያለ ጭራ አለው፤ ሲደርቅ ይተጣጠፋል፣ ቀስ ብሎም ነው የሚፈርሰው። የቤቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ሲፈርስም ፎርማልዴሃይድ የሚባል ሴል የሚያበሳጭ ነገር ይለቃል። የሕክምናውም ቢሆን የቆዳውን ሁለት ዳር ገጥሞ ከላይ ነው የሚቀባው፤ ወደ ውስጥ አይፈስም። አንተ ያላጸዳኸው የመሮ ስንጥቅ ላይ ሱፐር ግሉ ብታፈስ ሰጋቱራውንና ጀርሙን አሽገህ ቤት ሰጠሃቸው ማለት ነው።

ጋሼ ዘመን፣ ለወደፊቱ፦ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቀስ እያሉ ማንከባለል ነው፤ መገንጠል የለም። አሴቶን ያለው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይረዳል፤ ዓይን አካባቢ ግን በፍጹም። እና አናጢው፣ በጥጥ እንዳትጠርገው። ሱፐር ግሉና ጥጥ ሲገናኙ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣሉ።

ሰውነት ሲነካ ስለሚነሳ ነገር ካነሳን አይቀር የምወደውን ልጨምር። በ1932 ጀርመን ውስጥ ጌርሃርድ ዶማክ የሚባል ተመራማሪ ፕሮንቶሲል የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ስትሬፕቶኮከስ የተወጉ አይጦች ላይ ሞከረ፤ አይጦቹ ተረፉ። ግን ያንኑ ቀለም ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያው ላይ ሲያፈሱት ምንም አያደርግም! አይጥ ውስጥ ይገድላል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይቀልማል። ሥራው በ1935 ታተመ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ያሉ ሰዎች ምስጢሩን አወጡት። ሰውነት ቀዩን ቀለም ለሁለት ይሰብረዋል፣ አንዱ ስባሪ ሰልፋኒላማይድ ነው፣ ገዳዩም እሱ ነው። አሳዛኙ ነገር፣ ሰልፋኒላማይድ ከ1908 ጀምሮ የታወቀ፣ ቀለም የሌለው ተራ ዱቄት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም ባክቴሪያ ላይ አልሞከረውም። ተማሪ ሳለሁ ይሄን ስሰማ ተናድጄ ነበር። አሁንም ያናድደኛል።


የላብራቶሪ ልጅ፦

አንድ ብቻ ልጨምርና ልውጣ። ምች ለምንለው የከንፈር ቁስል የሚሰጠው አሲክሎቪር ደግሞ ከሁሉም መራጭ ነው። ደህና ሴል ውስጥ ገብቶ ሥራ የሚፈታ ያህል ነው። ቫይረሱ የያዘው ሴል ውስጥ ሲገባ ግን የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው። ሌባው ራሱ በር ከፍቶ ፖሊስ እንደማስገባት በሉት።


አናጢው፦

ዛሬ ሄጄ መጣሁ። ሐኪሙ ስንጥቁን በውሃ አጥቦ አጥቦ፣ ከሥር አንዲት የሰጋቱራ ስንጣሪ አወጣና አሳየኝ። የጥፍር ቁራጭ ታክላለች። ፐርኦክሳይዱ ያን ሁሉ አረፋ አውጥቶ እሷን አላወጣትም። ጊዜው ስለዘገየ አልሰፋውም፤ ክፍቱን አስሮ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስ አለኝ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ተወጋሁ፤ ከጣቴ ይልቅ ክንዴ ነው ያመመኝ።

የእናቴን ማሸጊያ ይዤ ጠየቅኩ። ኳሶቹ እንዳሉ ይዋጣሉ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ኳሶቹን ሳይደቆሱ ወሰደች፣ ቁርስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰጠኋት። «ምን ሆነህ ነው ቁርሴን የምታዘገየው?» ብላ ተቆጥታኛለች። ለመዋጥ መቸገሯን ደግሞ ሐሙስ ቀጠሮዋ ላይ አነሳዋለሁ።

ቡናማዋን ጠርሙስ ልጄ ወስዳታለች። የቤቱን የዛገ ነገር ሁሉ እየፈተሸች ነው።